ከ14 ወር በኋላ፦ ያገለገለችው ኤስቪ650ኤስ እና ከላይዋ ያወለቅኩት ሁሉ

ሞተር ሳይክሏን ስገዛ ሻጩ «ሁሉም ነገር ተሠርቶላታል» አለኝ። አልዋሸም። ጉዱ ያለው አሠራሩ ላይ ነበር።

ሱዙኪ ኤስቪ650ኤስ ናት፤ በፈረንጆቹ 2005 የተሠራች። 645 ሲሲ፣ በ90 ዲግሪ ቪ ቅርጽ የተቀመጡ ሁለት ሲሊንደሮች፣ ነዳጁን በግፊት የሚረጭ ኢንጀክሽን። ስረከባት ቆጣሪዋ 38 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። እኔ 9 ሺህ ያህል ጨምሬበታለሁ። ከዚያ በፊት የነበረው ባለቤት ግን ብዙ ነገር ጨምሮባታል፦ ባዶ ማርሚታ፣ የተቆረጠ ጭራ፣ ጥፍር የሚያክሉ ፍሬቻዎች። ፍሬቻዎቹ ሲበሩ እንደ እብድ ይርገበገባሉ። የኤልኢዲ መብራት የሚስበው ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለሆነ ፍላሸሩ (ፍሬቻውን የሚያበራና የሚያጠፋው ዕቃ) አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል። መቀመጫውን ሳነሳ ገመዱ ሁሉ ተጠማዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮው ሙቀት በልቶት እጅ ላይ ይለጠፋል። ሁለት ቀን ሙሉ እሱን ስፈታ ዋልኩ።

የመጀመሪያው ዝናብ ግን ከዚህ የባሰ ነገር አሳየኝ። መንገድ መሃል ጉልበቷ በግማሽ ጠፋ። ነዳጅ ስሰጣት ታጓራለች እንጂ አትሄድም። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር አንዱ ሲተኛበት ወዲያው ይታወቃል። ቤት ገፍቼ አስገባኋት። የፊተኛው ሲሊንደር ካንዴላ ከራዲያተሩ ጀርባ ነው ያለው። የራዲያተሩን የታች ቡሎን ፈትቼ ወደፊት ገፋሁትና የካንዴላውን ቆብ ሳብኩ። «ጱፍ» ብሎ ወጣ። በባትሪ ባየው፣ ጉድጓዱ እስከ ግማሹ ድረስ ሻይ በመሰለ የዝገት ውሃ ተሞልቷል። ካንዴላው ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ነው ብልጭታ የሚጠበቅበት! እንዲህ ያለው ውሃ እንዲፈስ ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) ጎን ትንሽ ቀዳዳ አለች። በደረቀ ጭቃ ተደፍናለች። በቀጭን ሽቦ ስወጋት መጀመሪያ ጭቃ፣ ቀጥሎ ውሃው ተንዠቀዠቀ። አዲስ ካንዴላ አስገባሁ፤ የቆቡን ጎማ ሲሊኮን ግራሶ ቀባሁት። የፊት ጎማው ጭቃ እንዳይረጭበትም ጭቃ መከላከያው ላይ ማስረዘሚያ ገጠምኩ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዝናብ መታት፤ አንድ ቀን አልተኛችብኝም። ፋብሪካው ቀዳዳዋን ሠርቷል። ያላጸዳናት እኛ ነን።

ጎማዎቹ ሲታዩ ጥርሳቸው ሙሉ ነው። እኔም ተሸውጄ ነበር። ጎናቸው ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ሳነብ 2311 ይላል፤ የተሠሩት በፈረንጆቹ 2011፣ በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። በጥፍሬ ብጫነው ፕላስቲክ ሆኗል። በዚያ ጎማ እርጥብ መንገድ ላይ መታጠፍ ዕድልን መፈታተን ነው። ቀየርኳቸው፤ የፊቱ 120/60፣ የኋላው 160/60። ያገለገለ ሞተር የምትገዙ ሰዎች፣ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ይህን ቁጥር እዩ።

ካቴናውም ጉደኛ ነበር። የኋላውን ጎማ በእጄ ሳሽከረክር አንድ ቦታ ይወጠራል፣ ሌላ ቦታ ይላላል። ልቅነቱ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው፣ አንዱን ጋ ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። ካቴናውን ከሚዞርባቸው ባለ ጥርስ ክቦች ጋር ልቀይር ስፈታ፣ የፊቱ ባለ 15 ሳይሆን ባለ 14 ጥርስ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያደርጋሉ፤ ስትነሳ ትፈጥናለች። ግን የዚህች ሞተር የፍጥነት መለኪያ የሚያነበው ከዚያው ከፊተኛው ባለ ጥርስ ክብ ላይ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱንም ኪሎ ሜትሩንም በ7 በመቶ ያህል አጋንና ትነግረኝ ነበር። ለካ «100 ገባሁ» ስል 93 ላይ ነበርኩ። ባለ 15ቱን መለስኩ።

እኔም ንጹህ አይደለሁም። ዘይት ስቀይር የማፍሰሻውን ቡሎን «ትንሽ ይጥበቅ» ብዬ ገፋሁት። ከታች ያለው አሉሚኒየም ነው፤ ጥርሱ ተላጠ። በዚያው ሳምንት ጥብቀት የሚለካ ቁልፍ ገዛሁ።

ማርሚታውን በተመለከተ ጓደኞቼ ተጣልተውኛል። ዋናውን ሻጩ በጆንያ አድርጎ ሰጥቶኝ ስለነበር መልሼ ገጠምኩት። የባዶው ድምፅ የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ደስ ይላል። ሁለት ሰዓት ከነዱበት ራስ ያዞራል። ሊሰጥ የሚችለው ጉልበት ካለም፣ የነዳጁ መጠን አብሮ ካልተስተካከለ ድምፅ ብቻ ነው የሚተርፈው።

እኔ የጨመርኩት ዋና ነገር የፊት ሞላ ነው። ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋ መሬት ልትስም ትደርስ ነበር። የፊት አሞርዛተሯ ላይ የሚስተካከለው የሞላው ውጥረት ብቻ ነው፤ ሌላ የሚነካ ነገር የለም። በአንደኛው ዘንግ ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ አስሬ ስቀመጥባት ስንት እንደምትወርድ ለካሁ፤ 50 ሚሊ ሜትር ወረደች። ከ30 እስከ 40 ነው የሚፈለገው። እኔ 80 ኪሎ ነኝ፤ 0.9 ኪሎ በሚሊ ሜትር የሚባለውን፣ አንድ ሚሊ ሜትር ለመጫን 0.9 ኪሎ የሚጠይቀውን ሞላ አስገባሁ። አሮጌው ዘይት ሲወጣ ግራጫ ሆኗል፤ የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል። ማንም ነክቶት አያውቅም ማለት ነው። አሁን ኩርባ ስገባ መሪው የሚለኝን እሰማለሁ። ከወጪዬ ሁሉ ያልቆጨኝ ይሄ ነው።

የፍሬን ዘይቱም ጠቁሮ ነበር። እርጥበት ስለሚስብ በ2 ዓመት አንዴ መቀየር አለበት፤ ቀየርኩት፣ የፍሬን መያዣው ጠነከረ። የቫልቮቿን ክፍተት በ24 ሺህ ኪሎ ሜትር አንዴ ማስለካት ነው፤ ቫልቮቹ ስምንት ብቻ ስለሆኑ ከባለ አራት ሲሊንደሮቹ ይቀላል። የአንዱ የጭስ መውጫ ቫልቭ ክፍተት ብቻ ጠቦ ተገኘ፤ መካኒክ አስተካከለው።

የማልወድላት አለ። መሪው ዝቅ ስለሚል ከአንድ ሰዓት በኋላ የእጄ አንጓ ይደነዝዛል። መስታወቶቹ የሚያሳዩኝ የራሴን ክርን ነው። የኋላው አሞርዛተር ደግሞ አሁንም ጉድጓዱን ሁሉ ለጀርባዬ ያስተላልፋል። እሱን ገና አልነካሁትም፤ ለክረምት ሥራ አስቀምጬዋለሁ።