ክኒን፣ አይ ዩ አይ ወይስ አይ ቪ ኤፍ? ጎንደር ላሉ ባለትዳሮች የቀረበ ንጽጽር

ያለ መከላከያ አንድ ዓመት አብረው ቆይተው ጽንስ ያልያዙ ባለትዳሮች፣ ሚስት 35 ዓመት ካለፋት ደግሞ ስድስት ወር የሞላቸው፣ ሕክምና ከመምረጣቸው በፊት የባል የዘር ፈሳሽ ምርመራና የሚስት የማህፀን ቱቦ ራጅ በእጃቸው ሊኖር ይገባል። የባል ምርመራ ሕመም የሌለውና ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ መታሰቡ፣ ሴቲቱም እስከዚያው «መካን» እየተባለች ከጸበል ጸበል መንከራተቷ እጅግ ያሳዝነኛል። ጸበሉን አልነቅፍም፤ ምርመራውን ግን አይተካም።

የዘር ፈሳሹም ቱቦውም ደህና ሆኖ ችግሩ እንቁላል በየወሩ አለመውጣቱ ከሆነ፣ እንቁላል እንዲወጣ የሚያነሣሡትን ክኒኖች፣ ሌትሮዞልን ወይም ክሎሚፊንን፣ ለ5 ቀን መዋጥ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ከሦስቱ ርካሹ ይኸው ሲሆን፣ ክትትሉም እዚሁ ጎንደር በጽንስና ማህፀን ሐኪም ሊደረግ ይችላል።

አይ ዩ አይ የታጠበና የተመረጠ ዘርን በቀጭን ቱቦ ወደ ማህፀን ማስገባት ነው። የባል ዘር በመጠኑ ሲደክም ይረዳል፤ በአንድ ሙከራ የሚሳካው ግን ከመቶ ከ10 እስከ 15 ለሚሆኑት ብቻ ነው። እንቁላልና ዘር የሚገናኙት በማህፀን ቱቦ ውስጥ ስለሆነ፣ ሁለቱም ቱቦዎች ለተዘጉባት ሴት ምንም አይጠቅማትም። የቱቦ ራጅ ሳይጠይቅ አይ ዩ አይ ለመጀመር የሚቸኩል ክሊኒክ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አይ ቪ ኤፍ ቱቦውን አልፎ እንቁላልና ዘርን በላብራቶሪ ያገናኛል፤ በ1978 በእንግሊዝ የመጀመሪያዋ ሕፃን የተወለደችውም እናቷ ቱቦዎቿ ተዘግተውባት ስለነበር ነው። የባል ዘር በጣም ካነሰ አንዱን ዘር በመርፌ ወደ እንቁላሉ የማስገባት ዘዴ ይታከልበታል። በአይ ቪ ኤፍ ሚስት እንቁላሎቿ እንዲበስሉ የሚያደርገውን የሆርሞን መርፌ ከ10 እስከ 14 ቀን ትወስዳለች፤ ከዚያ እንቁላሉ ይወጣል፣ ጽንሱም ከ3 ወይም ከ5 ቀን በኋላ ወደ ማህፀን ይመለሳል። በመንግሥት ደረጃ አገልግሎቱ በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጀመረው አዲስ አበባ በሚገኘው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ ስለዚህ ከጎንደር ለሚሄዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መጓጓዣ፣ የሦስት ሳምንት ያህል ማረፊያና ከሥራ መቅረት የዋጋው አካል ናቸው። የመጀመሪያዎቹን አልትራሳውንዶች ጎንደር ማድረግ ይቻል እንደሆነ ማዕከሉን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ለእኔ ምርጫውን ከገንዘብ ይልቅ የሚወስነው የሚስት ዕድሜ ነው። በራሷ እንቁላል የአይ ቪ ኤፍ ዕድል ከ35 ዓመት በታች በአንድ ሙከራ ወደ አንድ ሦስተኛ ሲጠጋ፣ ከ42 በኋላ ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም። 39 ዓመት የሆናት ሴት ያጠራቀመችውን በተደጋጋሚ አይ ዩ አይ ባትጨርስ እመርጣለሁ። ዋጋ ሲነገራችሁም መርፌዎቹና የሚተርፉትን ጽንሶች አቀዝቅዞ ማቆየት በውስጡ መካተታቸውን ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ተቀበሉ።