ሲፒዩ ከዜሮ በታች ሲወርድ ጤዛን የሚከላከለው ጥቁሩ ፎም፣ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ሲፒዩን (የኮምፒውተሩን ዋና ቺፕ) እንደ ፍሪጅ በኮምፕረሰር ለሚያቀዘቅዝ ሰው ትልቁ ጣጣ ከአየሩ የሚጠራቀመው ውሃ ነው። የኔ ማሽን ሲፒዩው ላይ የሚቀመጠውን መዳብ እስከ -40 ዲግሪ ያወርደዋል፣ የምኖረው ደግሞ ቨርጂኒያ ነው፣ ሰመር ላይ እርጥበቱ አይጣል ነው። ክፍሉ 30 ዲግሪ እርጥበቱ 70 ፐርሰንት ከሆነ 24 ዲግሪ የሆነ ነገር ሁሉ ማላብ ይጀምራል፣ -40 የሆነ መዳብማ አየር ካገኘው ወዲያው በረዶ ነው የሚሰራው።

የምጠቀመው የኤሲ ሰራተኞች ቱቦ ላይ የሚያለብሱትን ጥቁር የጎማ ፎም ነው፣ እንደ አንሶላ ተዘርግቶ አንድ ጎኑ ማጣበቂያ ያለበትን፣ እና በጣም ነው የወደድኩት። ውስጡ ያሉት ቀዳዳዎች እርስ በርስ ስለማይገናኙ እርጥበት አያሳልፍም ማለት ይቻላል፣ ተራ ስፖንጅ ግን ውሃውን ጠጥቶ ማዘርቦርዱ (ሲፒዩው የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ይዞት ነው የሚቀመጠው።

ግን ፎሙ ብቻውን አይበቃም፣ ከስሩ አየር መቅረት የለበትም! ሶኬቱ (ሲፒዩው የሚገባበት ቦታ) ዙሪያ ያሉት ካፓሲተሮች የሚባሉ ትናንሽ እቃዎች አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ስለሆነ መሃላቸው ክፍተት ይቀራል፣ እሱን በዳይኤሌክትሪክ ግሪስ (ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ የሲሊኮን ቅባት) ጥቅጥቅ አድርጌ ነው የምሞላው። ቫዝሊንም ይሰራል፣ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፣ ግን ቪአርኤሙ (ለሲፒዩው ኤሌክትሪክ መጥኖ የሚሰጠው ክፍል) ሲግል ይቀልጥና ይፈሳል፣ የሲሊኮኑ ግሪስ ባለበት ይቆያል። የማዘርቦርዱ ጀርባም እንዳይረሳ፣ ቅዝቃዜው በሶኬቱና በቦርዱ መዳብ አልፎ ወደዛ ይወጣል።

በቅርቡ ለማጽዳት ስፈታው የሶኬቱ ፒኖች ወርቃማ ቀለማቸው እንዳለ ነው፣ ዝገት የሚባል የለም። ችግር ያየሁት ቪአርኤሙ ጋር ባለው ጠርዝ ነው፣ በሙቀቱ ማጣበቂያው ለቆ ፎሙ ትንሽ ተነስቷል፣ ስሩም ሁለት ሶስት የውሃ ጠብታ ነበር። አሁን እዛ ቦታ ላይ የጫማ ማስቲሽ ጨምሬበታለሁ፣ ይዟል። ግሪሱን ማጽዳት ደግሞ ከሰዓቱን ሙሉ ነው የሚፈጀው፣ አልኮልና ለስላሳ ብሩሽ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ስታጠፉት ተጠንቀቁ፣ በረዶ የያዘ ቦታ ካለ ያኔ ነው የሚቀልጠው፣ ኤሌክትሪኩን ነቅላችሁ ሙቀቱ የክፍሉን እስኪመስል ጠብቁት እንጂ ፎሙን ወዲያው አትፍቱት።

ስትገዙ ወፍራሙን ግዙ። ቀጭኑ ከውስጥ ቢከላከልም የራሱ የውጭ ፊት ስለሚቀዘቅዝ ያልበዋል፣ ከኮምፕረሰሩ ወደ መዳቡ የሚሄደው ቀዝቃዛ ቱቦ ላይ እኔ ደርቤ ነው ያለበስኩት። በተራ ውሃ ለሚያቀዘቅዝ ሰው ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልገውም፣ ውሃው ከክፍሉ ሙቀት በታች አይወርድም።