«ሁሉንም ያካተተ» የሚል የጣና ፓኬጅ ከመክፈላችሁ በፊት

ባህር ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው በገዛ ከተማው የጉብኝት ፓኬጅ ገዝቶ ተሸወደ ቢሏችሁ ትስቃላችሁ። ሳቁ፤ ሰውየው እኔ ነኝ።

እውነቱን ልናገርና ገዳማት የሚገኙበትን የጣናን ዳር ዘጌን ለመጨረሻ ጊዜ የረገጥሁት ተማሪ እያለሁ ነው። የከተማችን ሰው ጣናን የሚያውቀው ዳር ዳሩን ነው፤ አመሻሽ ላይ ወጥቶ ንፋስ ይቀበላል፣ አሳውን ይበላል፣ ወደ ቤቱ ይገባል። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ግን የባለቤቴ ቤተሰብ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ሆነ። አማቴ፣ የባለቤቴ እህት ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ እኛ አራት፣ ሁለት የሥራ ጓደኞቼ፣ በድምሩ 11 ሰው። አማት ፊት መዋረድ የሚፈራ ሰው ደግሞ ለደላላ የተመቸ ነው።

ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፤ «2 ቀን 1 ሌሊት። ጀልባ፣ ገዳማት፣ የዘጌ የእግር ጉዞ፣ ካያክ፣ ሳይክል፣ ጢስ አባይ፣ ካምፕ፣ ምግብ። ሁሉንም ያካተተ። በሰው 4,500 ብር።» ከላዩ የጢስ አባይ ፎቶ አለ። ፏፏቴው ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይወርዳል፣ ጭሱ ሰማይ ይነካል፣ በቀኝ ጥግ ቀይ ጃንጥላ የያዘች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ሚያዝያ ላይ ፏፏቴው እንዲያ እንደማይሆን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። ማስታወቂያውን የለጠፈውን ሰውዬ ጠየቅሁት። «አሁን ውሃው ተለቋል» አለኝ። አመንሁት፣ ምክንያቱም ማመን ፈልጌ ነበር።

የ49,500 ብሩን ግማሽ፣ 24,750 ብር፣ በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሂሳብ በቀብድ ላክሁ። ደረሰኝ ስጠይቀው «ስክሪንሾቱ ደረሰኝህ ነው» አለ። ስክሪንሾት ገንዘብ መላኬን ይናገራል እንጂ ምን እንደገዛሁ አይናገርም። ይህ የገባኝ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወደቡ ላይ ተገኙ ተባልን። ጀልባው የመጣው 4 ሰዓት ላይ ነው። ጣና ላይ ሦስት ሰዓት መዘግየት ቡና አፍልቶ የሚጠብቁት ዓይነት አይደለም። ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፣ ጥልቀቱ ግን 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ቶሎ ይናወጣል። የሚያውቁት በጠዋት ሄደው ከንፋሱ በፊት የሚመለሱት ለዚህ ነው። እኛ ግን የተመለስነው 10 ሰዓት ላይ፣ ማዕበሉ ጀልባዋን እያነጠረ፣ ልጆቹ እያስታወኩ ነበር።

ለብቻችን የተባለው ጀልባ ላይ አምስት የማናውቃቸው ሰዎች ቀድመው ተቀምጠዋል። ላይፍ ጃኬቱ ስድስት ነው፤ ለልጅ የሚሆን አንድም የለም። የእህታችን ባል ለትንሿ ልጁ የአዋቂውን አልብሶ በነጠላ ጠፍሮ አሰረላት። እዚያ ላይ ነበር «አንሳፈርም» ማለት የነበረብኝ። አላልሁም። ቀብዱ ትዝ አለኛ።

ክብራን ገብርኤል ስንደርስ ነው አንጀቴ የተቃጠለው። ክብራን ሴት አይገባበትም፤ የገዳሙ ሥርዓት ነው፣ ሥርዓቱም ይከበራል። ችግሩ ሰውየው ከ11 ሰው አብዛኛው ሴት መሆኑን እያወቀ «ገዳማት» ብሎ ከቆጠራቸው ሁለት ገዳማት አንዱ ይህ መሆኑ ነው። አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ሊወርዱ ሲሉ ካፒቴኑ አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው። ጀልባው ላይ ፀሐይ እየጠበሳቸው ቀሩ። እንዴት ይቅርታ እንደምላቸው ሳስብ «ልጄ፣ ከደጁም ቢሆን ተሳልሜያለሁ» አሉኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ካፒቴኑን አልወቅስም። ዘጌ ላይ ሲያጫውተኝ የተከፈለው የአንድ ደርሶ መልስ ብቻ እንደሆነ፣ ለክብራን የፈጀውን ነዳጅ እንኳ ገና እንዳልተቀበለ ነገረኝ። አዘጋጁ ጀልባ የለውም፣ ሳይክል የለውም፣ ድንኳን የለውም። ያለው ስልክ ብቻ ነው። በመካከላችን ቆሞ ከሁላችንም ይቆርጣል።

ዘጌ ራሱ ግን ልብ ይሞላል። ከጀልባ ወርዶ በቡናው ጫካ ውስጥ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣው መንገድ ጥላ ነው፣ ልጆቹ ጦጣ እያባረሩ ሮጡበት። የመቅደሱን ግድግዳ የሞላውን ሥዕል እያዩ አማቴ አነቡ። ይህ ሁሉ ግን የሆነው በር ላይ ቆመን ከኪሳችን ከከፈልን በኋላ ነው። መግቢያው ለየብቻ፣ አስጎብኚው ለየብቻ። ለአዘጋጁ ሲደወልለት አያነሳም። ሲመሽ አስልቼ 11,300 ብር ተጨማሪ አውጥተናል።

ካያኩ ላይ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚነዳው ትንሽ ጀልባ ላይ፣ ዝም ብዬ አላልፍም፣ የልጅ ነፍስ ነውና። ሁለት ካያክ ነበር የቀረበው፣ አንዱ ውሃ ያስገባል። እሱ ይቅር። ይዘውን ሊሄዱ ያሰቡት አባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ቦታ ነው፤ ጉማሬ የሚታይበት እዚያ ነው። ጉማሬ ከሩቅ፣ ከትልቅ ጀልባ ላይ ሆነው ሲያዩት ያምራል። በደረቱ ውሃው ላይ የተኛ የሚመስል የፕላስቲክ ካያክ ላይ የ12 ዓመት ልጅ አስቀምጦ ወደዚያ መላክ ግን ምን ይባላል? ካፒቴኑ «እኔ አልወስድም» ብሎ ባይቆም የከፈልነውን አናስቀርም ብለን እንሄድ ነበር ብዬ እፈራለሁ። ደግሞም ዳር ላይ ልጆች ይዋኙ ተብሎ ነበር። የጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ እንዳለበት የኛ ሰው ያውቃል፤ እንግዳ አያውቅም፣ የሚነግረውም የለም።

ካምፑ ሁለት ድንኳን ለ11 ሰው ነበር፣ አጎበር የለውም፣ ቢንቢው አይጣል። ሁሉንም ጭኜ ቤቴ አስተኛኋቸው። እኔ ቤት አለኝ። ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ የመጣ ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የት ይገባል?

እሁድ ሳይክል። የሳይክል አገር በሆነችው ባህር ዳር ፍሬን የሌለው ሳይክል ማቅረብ ራሱ ችሎታ ይጠይቃል። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ስንወጣ ምንም አልታወቀንም። ስንወርድ ጓደኛዬ በጫማው እያቆመ ወርዶ ሶሉን ጨረሰ።

ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጢስ አባይ ደረስን። ጠቆር ያለ ገደል፣ ከአንድ ጎኑ የምትንጠባጠብ ነጭ ክር። ጥፋቱ የፏፏቴው አይደለም። ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ ጨረጨራ ላይ ባለው ግድብ ይመጠናል፣ በበጋ ደግሞ ውሃው በብዛት ለኃይል ማመንጫ ይወሰዳል። ፎቶው ላይ ያለውን ለማየት ከነሐሴ እስከ ጥቅምት መምጣት ነው። የፖርቹጋል ድልድይ የሚባለውን የ17ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ መሄዱ በበጋም ደስ ይላል፤ «ለእግር ጉዞ ኑ» ቢለን በደስታ እንከፍለው ነበር። እሱ ግን የሸጠልን ፏፏቴ ነው።

ሰኞ ገንዘቤን መልስ አልሁት። መልሱን ቃል በቃል አስቀምጬዋለሁ፤ «የገዳማት ጉብኝት ይካተታል ነው ያልነው፣ መግቢያ ይካተታል አላልንም። ካያክ አቅርበናል፣ አንጠቀምም ያላችሁት እናንተ ናችሁ።» ቀጥሎ ብሎክ አደረገኝ። አስቡት፣ አንዱም ቃል ውሸት አይደለም። «ሁሉንም» ሲል እኔ የሰማሁትና እሱ ያሰበው ለየቅል ነበር።

ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ የመጀመሪያው ጥያቄ «ደረሰኝ አለህ? ንግድ ፈቃዱን አይተሃል?» ሆነ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። መብቱ አለኝ፣ ማንን ልክሰስበት? በእጄ ያለው የአንድ ግለሰብ የሂሳብ ስምና የተዘጋ ቴሌግራም ነው።

ስለዚህ ቤተሰብ ይዛችሁ የምትመጡ ሁሉ፣ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ አስመልሱት። የየትኛው ገዳም መግቢያ ተከፍሏል፣ ሴቶችስ ይገባሉ? አስጎብኚውን ማን ይከፍላል? ጀልባው የኛ ብቻ ነው ወይስ የጋራ፣ ስንት ላይፍ ጃኬት፣ ስንት የልጅ? «ይካተታል» ካለ «መግቢያውን ጨምሮ ተከፍሏል» ብሎ ይጻፍላችሁ፤ መጻፍ ከከበደው መልሱን አግኝታችኋል። ንግድ ፈቃዱን ፎቶ አንስቶ ይላክ፣ ቀብዱም በድርጅቱ ሂሳብ ይግባ። ጠዋት ቢዘገይባችሁ ደግሞ የሐይቁን ጉዞ ለማግስቱ አስተላልፉት፤ ቀብድ ትዝ አይበላችሁ።

ባለቤቴ እንዳለችው ደግሞ ፓኬጁ ባይኖርስ? ወደቡ ላይ ራሱ ሄዶ ከካፒቴን ጋር ፊት ለፊት መዋዋል ይቻላል። ጃኬቱን ቆጥራችሁ፣ ሞተሩ ሲነሳ ሰምታችሁ ትሳፈራላችሁ። እኛ በሚቀጥለው እንዲያ ነው የምናደርገው፤ አማቴም በጥቅምት እመለሳለሁ ብለዋል።

ማስታወቂያው ዛሬም አለ። ስሙን ቀይሯል፣ ዋጋው በሰው 5,200 ብር ገብቷል፣ «ሁሉንም ያካተተ» የሚለው እንዳለ ነው። ፎቶውም ያው ነው፤ በቀኝ ጥግ ቀይ ጃንጥላ የያዘች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። እሷን ካያችሁ ቀብድ አትላኩ።