ለፍላይ ሳጥን ስፖንጅ የትኛው ሙጫ ይሻላል? የዳፕ ዌልድዉድ ኮንታክት ሲመንት ግምገማ

የፍላይ ሳጥናችሁን (ፍላይ የሚባሉት ነፍሳት መስለው የተሠሩ የዓሣ ማጥመጃ መንጠቆዎች ስፖንጅ ላይ የሚሰኩበትን ሳጥን) ራሳችሁ መሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ ይሄ ለናንተ ነው፣ ምክንያቱም ሳጥኑም ስፖንጁም የትም ይገኛል፣ ሰው ሁሉ የሚቸገረው ሙጫው ላይ ነው። እኔ ያለሁት ዴንቨር ነው፣ የማጠምደው ሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ ዴከርስ አካባቢ፣ እዛ ያለው ትራውት የሚባለው ዓሣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚበላው ጥቃቅን ነገር ስለሆነ ቁጥር 20 እና 22 በሚባሉት በጣም ትንንሽ መንጠቆዎች ላይ የታሰሩ ሚጆችን (ትንኝ የሚመስሉ ፍላዮችን) በሥርዓት ደርድሮ የሚይዝ ስስ ሳጥን ያስፈልጋል። ለዚህ የአልቶይድስ ከረሜላ ቆርቆሮ በጣም ምርጥ ነው፣ የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ውስጡ 5 ወይ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኢቪኤ የሚባለውን የፕላስቲክ ስፖንጅ ማልበስ ብቻ ነው። ባለ 2 ሚሊሜትሩን የልጆች የእጅ ሥራ ስፖንጅ ግን ለብቻው አትጠቀሙ፣ መንጠቆው በደንብ ሳይነክስ ቆርቆሮው ጋ ይደርስና ጫፉ ይደንዛል።

ሰው ሙጫ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው ይሄን ያህል ኪሎ ይሸከማል የሚለውን ጽሑፍ ነው። ለዚህ ሥራ ያ ቁጥር ምንም አይጠቅምም። ሳጥን ውስጥ ያለ ስፖንጅ ክብደት አይሸከምም፣ የሚደርስበት ነገር ሌላ ነው፣ መንጠቆ በነቀላችሁ ቁጥር ትንሽ ወደ ላይ ይጎተታል፣ ይሄ ደግሞ በየቀኑ ስለሚደጋገም ከጥጉ ጀምሮ ቀስ እያለ ይላጣል። አንዴ ጥጉ ከተነሳ ውሃ ከስር ይገባል፣ ትንሿ ሚጅ ራሷ ከስር ሾልካ ትገባና እዛው ትዝጋለች፣ ስፖንጁን ስታነሱት ጀርባው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ታያላችሁ። ስለዚህ የምንፈልገው ሙጫ ድርቅ ብሎ የሚቆም ሳይሆን ከስፖንጁ ጋር አብሮ የሚተጣጠፍ፣ ውሃ የማይፈራ፣ ሐምሌ ላይ ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥ ቢቀመጥ የማይቀልጥ ነው።

እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ያገኘሁት ዳፕ ዌልድዉድ ኮንታክት ሲመንት ላይ ነው፣ ኦሪጅናል የሚለው። ሆም ዲፖ (የግንባታ ዕቃ መደብሩ) ትንሿን ባለ 3 አውንስ ጠርሙስ ታገኛላችሁ፣ ክዳኗ ላይ ብሩሽ አለው፣ ለብዙ ሳጥን ትበቃለች። ኒዮፕሪን የሚባል ጎማ በሶልቨንት (በሚተን ማሟሚያ ፈሳሽ) የተበጠበጠ ነው፣ ሶልቨንቱ ሲተን ጎማው ይቀራል፣ ለዛ ነው የሚተጣጠፈው።

አጠቃቀሙን በደንብ ልንገራችሁ ምክንያቱም ሰው ይሄን ሙጫ አይይዝም ሲል አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ አቀባቡ ነው። መጀመሪያ የቆርቆሮውን ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ አድርጉትና በአልኮል ጥረጉት፣ የከረሜላው ዱቄትና የእጅ ቅባት እንዳይቀር። ከዛ ሁለቱንም ትቀባላችሁ፣ ቆርቆሮውንም ስፖንጁንም፣ ስስ አድርጋችሁ። እና እርጥብ እያለ አታጣብቁት! ትተዉታላችሁ፣ 15 ደቂቃ ገደማ፣ አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ፣ በጣት ጀርባ ስትነኩት ተለጥፎ ወደ ጣታችሁ የማይመጣ እስኪሆን። ደረቀ እኮ፣ አበቃለት እንዴት ይይዛል ትላላችሁ፣ ግን ሁለቱ የደረቁ ፊቶች ሲገናኙ ነው የሚነካከሱት፣ ያኔ ደግሞ ወዲያው ነው፣ ላስተካክል ብትሉ አይነቃነቅም።

ለዚህ አሪፍ ዘዴ አለ። ሰም የተቀባ ወረቀት ቆርጣችሁ ቆርቆሮው ላይ አንጥፉት፣ የደረቀው ሙጫ ወረቀቱን አይዝም፣ ስፖንጁን ከላይ አስቀምጣችሁ አራቱን ጥግ አስተካክሉ፣ ከዛ ከአንዱ ጫፍ ወረቀቱን ቀስ እያላችሁ እየሳባችሁ በአውራ ጣት እየተጫናችሁ ሂዱ። በመጨረሻ በማንኪያ ጀርባ በተለይ ዳር ዳሩን አጥብቃችሁ ተጫኑት፣ የሚያጣብቀው ግፊቱ ነው እንጂ ጊዜው አይደለም። የእንጨት ሳጥን ከሆነ እንጨቱ የመጀመሪያውን ቅብ ስለሚጠጣው ደርቆ ሁለተኛ ይደገማል።

ጉድለቱ ሽታው ነው፣ ቀላል ሽታም አይደለም፣ ውስጡ ቶሉይን የሚባለው ነገር አለ፣ ራስ ያዞራል፣ ትነቱም በእሳት ይያያዛል። በረንዳ ላይ ወይ በሩ የተከፈተ ጋራዥ ውስጥ ሥሩት፣ ጋዝ ምድጃ ወይ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ያለበት ክፍል ውስጥ በጭራሽ። ልጆች ካሉ አርቁት። ሳጥኑንም ፍላይ ሳትከቱበት ሽታው እስኪለቅ ክፍቱን አስቀምጡት። ሌላው ደግሞ ቀለሙ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ቆርቆሮ ላይ አይታይም፣ በሚያሳይ ፕላስቲክ ግን ከውጭ ይታያል፣ ከዛም በላይ ፖሊስታይሪን የሆነ ፕላስቲክ ከሆነ ሶልቨንቱ ይበላዋል። ለሱ በውሃ የተሠራውን የማይቀጣጠለውን ዓይነት ውሰዱ፣ ለመድረቅ ይዘገያል እንጂ ይሠራል። በነዚህ ምክንያት ከ5 4 ነው የምሰጠው።

ሌሎቹን በአጭሩ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ይደርቃል፣ ስፖንጁ ሲተጣጠፍ ይሰነጠቃል፣ ትነቱ ደግሞ የሚያሳይ ፕላስቲክን ነጭ ያደርገዋል። የሆት ግሉ ሽጉጥ ፈጣን ነው ግን በሙቀት የቀለጠ ነገር በሙቀት ይለሰልሳል፣ መኪና ውስጥ ለሚቀመጥ ሳጥን አይሆንም፣ ከስር እብጠትም ይሠራል። የእንጨት ኮላ ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ቆርቆሮና ኢቪኤ ሁለቱም ውሃ አያሳልፉም ስለዚህ መሃሉ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። እያበጠ የሚደርቀው ፖሊዩሬታን ደግሞ ስፖንጁን ወደ ላይ ይገፋዋል። ኢ6000 ጥሩ ነው፣ ይተጣጠፋል፣ ሲደርቅ ጥርት ያለ ነው፣ የሚያሳይ ሳጥን ላይ ዳፕን ይበልጠዋል (መጀመሪያ ጥግ ላይ ትንሽ ሞክሩት፣ እሱም ሶልቨንት አለው)፣ ግን ሙሉ ለሙሉ እስኪደርቅ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ስለሚፈልግ ክብደት ጭናችሁበት መጠበቅ ነው።

ሲሊኮንን ለብቻው አወጣዋለሁ ምክንያቱም ብዙ ሰው ውሃ አይፈራም ብሎ ይመርጠዋል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ነው የሚለቀው፣ አሲድ ደግሞ ብረት ያዝጋል፣ በተዘጋች ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ስንት ሰዓት ተቀምጣችሁ ያሰራችኋቸውን ቀጫጭን መንጠቆዎች አስቡ። የግድ ሲሊኮን ከሆነ ኒውትራል ኪዩር የሚለውን፣ ማለትም ሲደርቅ አሲድ የማይለቀውን፣ ፈልጉ።

ስፖንጁንም እዩት። ከቲቪ ካርቶን የሚወጣው ነጩ፣ ሲዳሰስ ሰም ሰም የሚለው ፖሊኤትሊን ነው፣ እሱን ዳፕም ሆነ ሌላው ተራ ሙጫ በደንብ አይዘውም፣ ደርቆ እንደ ቆዳ ይላጣል። ወይ ኢቪኤ ግዙ ወይ እንደዚህ ላሉ ፕላስቲኮች የተሠራውን የስሪኤም 300ኤልኤስኢ ባለሁለት ፊት ቴፕ ተጠቀሙ።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ባሌ ለመሄድ፣ ዲንሾ አካባቢ ወብና ዳንካ ወንዞች ላይ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀውን ትራውት ለማጥመድ የምታስቡ ደግሞ ዳፕ ፍለጋ አትድከሙ፣ ጫማ ሰሪዎች የሚጠቀሙት ማስቲሽ የዚሁ የኮንታክት ሲመንት ቤተሰብ ነው፣ ያው ሁለቱንም ፊት ቀብቶ አድርቆ መጫን ነው። ጣሳውን ግን ክፍት አትተዉ፣ ጎዳና ላይ ያሉ ልጆች ላይ የሚያደርሰውን ሁላችንም እናውቃለን፣ የተረፈውን ጫማ ለሚሠራ ሰው ስጡት።