ሜቶትሬክሴት ወይስ አዳሊሙማብ? ለሩማቶይድ ቁርጥማት ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጣቱ ያበጠ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚከስሰው ብርዱን ነው። ብርድ ሕመሙን ያባብስ ይሆናል እንጂ ሩማቶይድ አርትራይተስን አያመጣም። በሽታው በሐኪም ከተረጋገጠ በኋላ ደግሞ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ያንኑ ይጠይቀኛል፤ እናቴን ሳስታምም የመድኃኒት ቤት ደጅ ስለጠናሁ ነው። «ኪኒኑ ሜቶትሬክሴት ይሻላል ወይስ ውዱ መርፌ አዳሊሙማብ?» መልሴ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ሜቶትሬክሴት።

መርፌው ለምን እንደተወደደ ላስረዳ። በዚህ በሽታ የመገጣጠሚያው ሽፋን ውስጥ የተከማቹ የመከላከያ ሕዋሳት ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ሞለኪውሎችን ይረጫሉ። ቲኤንኤፍ አልፋ የተባለው እንደ እድር ጥሩምባ ነፊ ሌሎቹን ይጠራል፤ ኢንተርሊውኪን 6 እና ሌሎችም ተከትለው ይመጣሉ፣ የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስና አጥንቱ ይበላል። አዳሊሙማብ ይህን ቲኤንኤፍ ብቻ ለይቶ ይይዛል። ሜቶትሬክሴት ግን ግርግሩን በአጠቃላይ ያበርዳል።

አሁን ወደ ዋጋው። አዳሊሙማብ ሁሚራ በሚል ስም አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 ተፈቀደ። እዚያው በ2023 መጀመሪያ የአንድ ወር፣ ማለትም የሁለት መርፌ፣ ይፋዊ ዋጋው 6,900 ዶላር ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት ሌሎች ኩባንያዎች የሠሯቸው ተመሳሳይ ሥሪቶች ሲገቡ አንዳንዶቹ 85 በመቶ ቀንሰው ቀረቡ። ስለዚህ የታወቀውን ስም አትፈልጉ፤ የተፈቀደ ተመሳሳይ ሥሪት እንዳለ ጠይቁ። ዋጋም በአንድ መርፌ ሳይሆን በስድስት ወር አስሉ፤ ሁለት ወር ገዝቶ ማቋረጥ ገንዘብ መጣል ነው። ደግሞም መርፌው አብዛኛውን ጊዜ ከሜቶትሬክሴት ጋር ነው የሚታዘዘው፤ ብቻውን ሲሆን ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል ያመርትበትና ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ኪኒኑን አስቀርቼ ወጪ አካክሳለሁ ማለት አይቻልም።

የሜቶትሬክሴት ሒሳብ ቀላል ነው። በሳምንት 15 ሚሊግራም የታዘዘለት ሰው ባለ 2.5 ሚሊግራሙን በአራት ሳምንት 24 ፍሬ ይገዛል፤ ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ይጨመርበታል። የጉበትና የደም ሕዋስ ምርመራ ክፍያውንም ደምሩ፤ እሱን የዘለለ ርካሽ ገዛሁ አይበል። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ የዋጠው ሰው መቅኔው ደም ማምረት ሊያቆምና ሊሞት ይችላል፤ ማሸጊያው ላይ ቀኑን በትልቁ አስጽፉ። አረቄ ለሚወዱ የአገሬ ሰዎች ደግሞ እላለሁ፦ ኪኒኑም አረቄውም የሚያርፉት ጉበት ላይ ነው። ለመውለድ ያሰበች ሴትም፣ ያሰበ ወንድም ቀድመው ለሐኪም ይንገሩ፤ ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው።

ሜቶትሬክሴት ሥራውን ለማሳየት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሰናከለው። አንዲት ጎረቤታችን ትዕግሥት አጥታ ስም የሌለው «የቁርጥማት ፍቱን» ብናኝ ከአዟሪ ገዛች። በሁለት ቀን ሕመሙ ጠፋ፣ ቆይቶ ፊቷ አበጠ፣ ስኳሯም ወጣ። እንዲህ በፍጥነት የሚያድን ብናኝ ውስጥ ብዙ ጊዜ የተደበቀ ስቴሮይድ፣ ማለትም እብጠትን ቶሎ የሚያበርድ ኃይለኛ መድኃኒት፣ ይገኛል። ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ፣ ሜቶትሬክሴቱ እስኪሠራ፣ ጥሩ ድልድይ ነው፤ ከአዟሪ እጅ ግን በነጻም አይወሰድ።

ሜቶትሬክሴት በበቂ መጠን ከሦስት እስከ ስድስት ወር ተወስዶ ካልሠራ፣ ያኔ መርፌው ተገቢ ነው። ከዚያ በፊት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የግድ ነው፤ የተኛውን ነቀርሳ አፍኖ የሚይዘው ያው ቲኤንኤፍ ነውና። ማስቀመጫው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ማቀዝቀዣ ይተካል የሚሉ አሉ፤ አይተካም፤ በውርጭ ሌሊት በረዶ ከሆነ ይጣላል። ወደ ቆላው ሸዋ ሮቢት ለሚወርድ በረዶ የያዘ ሣጥን ያስፈልገዋል፤ ከ25 ዲግሪ በታች እንኳ ከማቀዝቀዣ ውጭ የሚቆየው ቢበዛ 14 ቀን ነው።

ቶፋሲቲኒብስ? ኪኒን ነው፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ የሳይቶካይኖቹን መልእክት ሕዋሱ ውስጥ ያቋርጣል። የነቀርሳ ምርመራው ግን አይቀርለትም። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በደም መርጋትና በካንሰር ሥጋት ማስጠንቀቂያውን አጥብቆበታል። ለሚያጨስ ወይም ዕድሜው ለገፋ ዘመዴ አልገዛለትም።