አየር መጥጦ የሚያሽገው ማሽን ለጓሮ ጎመን ያዋጣል?

ሜሪላንድ ውስጥ ጓሮ ያለው ሀበሻ ሁሉ ችግሩ አንድ ነው። ሰመር ላይ ጎመንና ቃሪያው ከቤት ተርፎ ለጎረቤት ይታደላል፣ ብርዱ ሲገባ ደግሞ ያንኑ ጎመን ከሱቅ እንገዛለን። እኔም ላስቲኩን አየር መጥጦ በሙቀት የሚያሽገውን ማሽን ገዛሁ። ከርካሾቹ አንዱ ነው፣ ስሙን ተዉት።

ቃሪያ ላይ አንደኛ ነው። ቃሪያ መቀቀል አይፈልግም፤ አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ፣ አሽጎ ፍሪዘር ውስጥ መክተት ብቻ። ሲወጣ ስለሚልፈሰፈስ ለስንግ አይሆንም፣ ለወጥና ለጥብስ ግን ሽታውም ማቃጠሉም እንዳለ ነው።

ጣጣው ጎመን ላይ ነው። ማሽኑ አየሩን ያወጣል እንጂ ቅጠሉ ውስጥ ያለውን፣ ጎመኑን የሚያበላሸውን ኢንዛይም አይገድልም፣ ጥሬውን ያሸጉት ጎመን ፍሪዘር ውስጥም ሆኖ ቀስ በቀስ ቀለሙም ጣዕሙም ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ 2 ደቂቃ፣ ቅጠሉ ወፍራም የሆነው ኮላርድ 3 ደቂቃ፣ ከዚያ ወዲያው በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ መክተት ነው። ፎሶሊያም እንደዚሁ 3 ደቂቃ።

እዚህ ላይ ነው ማሽኑ የሚለግመው። ጎመኑ እርጥበት ካለው ውሃው አብሮ ይመጠጥና እስከ ላስቲኩ አፍ ይደርሳል፣ የረጠበ አፍ ደግሞ አይጣበቅም። የታሸገ ይመስላል፣ ሲነጋ አየር ገብቶበት ታገኙታላችሁ። መላው በእጅ ጭምቅ አድርጎ፣ አንዳንድ እፍኝ እያደረጉ ትሪ ላይ ደርድሮ፣ ፍሪዘር ውስጥ ጠንከር እስኪል አቆይቶ ማሸግ ነው። አብሮት የመጣው መመሪያ ስለዚህ ትንፍሽ አይልም!

ላስቲኩም ኪስ ይጎዳል። ነገሩ ልክ እንደ ፕሪንተርና ቀለሙ ነው፣ ማሽኑን በርካሽ ይሰጡህና በጥቅል ላስቲኩ ያስከፍሉሃል። ለዚህ ነው ቲማቲም ላይ የማላባክነው። ቲማቲም ሙሉውን ተራ የፍሪዘር ላስቲክ ይበቃዋል፤ ሲወጣ ቧንቧ ስር ያዝ ሲያደርጉት ልጣጩ በራሱ ይላቀቃል፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ቁሌቱ።

አንድ ነገር ግን እንዳትሸወዱ። አየር ወጣለት ማለት ውጭ ይቀመጣል ማለት አይደለም። ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚመቸው አየር የሌለበት ቦታ ነው፣ ስለዚህ ፍሪዘሩ 0 ፋራናይት ላይ ይሁን፣ ማቅለጡም ፍሪጅ ውስጥ።

ጎመኑን እስከ ገና ለሚጨርስ ቤት ተራው ዚፕ ያለው ላስቲክ አየሩን በእጅ ተጭኖ ማውጣት ከተቻለ ይበቃዋል። ለሁዳዴ የሚያስቀምጥ ግን ማሽኑን ይግዛ፣ ሲገዛም ለእርጥብ ምግብ የተለየ ቁልፍ ያለውን ይምረጥ።