ደሴ ፒያሳ፣ ከፎቁ ሥር ያለችው ጀበና ቡና

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደሴ ፒያሳ ስወርድ አቅጣጫ የያዝኩት የጦሳን ተራራ አይቼ ነው። የማውቃቸው የቆርቆሮ ሱቆች ፎቅ ሆነዋል። በቴሌግራም ሁለት ዓመት ያወራኋት ልጅ የቀጠረችኝ ከአንዱ ፎቅ ሥር፣ ጀበና ቡና ቤት ነው። በድምጿ ለየኋት። «አብሽር፣ እኔም ፈርቼ ነበር» አለችኝ።

ቡናው? አንደኛ! አቦሉ ወፍራም ነው፣ ጤና አዳሙም ትኩስ። ዕጣኑ ግን በዛ፤ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ያለቀስኩ መስሏት ደነገጠች። ፈንዲሻው የትናንት ነው፣ ለስልሷል። ሒሳቡ ላይ ያልጠጣነው ሁለት ስኒ ተደምሮ መጣ፤ ስንናገር አስተናጋጇ ስቃ ሰረዘችው።

በርጩማው በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ ጉልበቱን የሚያመው በር አጠገብ ያለችውን ወንበር ይሻማ። እኛ እስከ በረካ ተቀመጥን።